ናፍጣ ትራክተር በብርድ እንዲነሳ የቱ ይሻላል? የአማራጮች ንጽጽር

ብርዱ ሊገባ ሲል የሚሸጠው ዕቃ ብዛቱ ግራ ያጋባል። ናፍጣ ውስጥ የሚጨመር ፈሳሽ አለ፣ ሞተር ውስጥ የሚገጠም ማሞቂያ አለ፣ በማግኔት የሚለጠፍ አለ፣ ባትሪ ላይ የሚጠመጠም አለ፣ የሚረጭ ኤተር (ቶሎ የሚቀጣጠል የማስነሻ ፈሳሽ) አለ። ሁሉም «በብርድ ያስነሳል» ተብሎ ነው የሚሸጠው። ግን አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ውድ የሞተር ማሞቂያ ያስገጠመ ሰው ናፍጣው ፊልትሮ ውስጥ ረግቶበት ሊቆም ይችላል፤ ናፍጣውን በደንብ ያዘጋጀውም ባትሪው ደክሞበት ቁልፉን ሲያዞር ከ«ጠቅ» ሌላ ድምፅ ላይሰማ ይችላል። ስለዚህ ከዕቃው በፊት ችግሩን እንለይ።

ሞተሩን የሚያቆመው ምንድን ነው?

ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ናፍጣው ራሱ ነው። ናፍጣ ውስጥ በተፈጥሮው ሰም አለ። ብርዱ ሲበረታ ሰሙ እንደ ቅቤ መርጋት ይጀምራል፤ መጀመሪያ ናፍጣው ይደፈርሳል፣ ቀጥሎ የሰሙ ቅንጣቶች ፊልትሮውን ይደፍናሉ፣ ሲብስ ፈሳሹ ጭራሽ አልፈስ ይላል። ትራክተሩን የሚያቆመው አብዛኛውን ጊዜ መካከለኛው ደረጃ ነው። ታንኩ ውስጥ ያለው ገና ፈሳሽ ነው፣ ፊልትሮው ግን ተደፍኗል። ሞተሩ ይነሳል፣ ትንሽ ይሠራል፣ ከዚያ ጉልበት እያጣ ሄዶ ይጠፋል።

ሁለተኛው ሞተሩን የማዞር ጉዳይ ነው። የተለመደው የእርሳስና አሲድ ባትሪ 0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ከጉልበቱ 35 በመቶ ገደማ ያጣል፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ደግሞ 60 በመቶ ገደማ። በዚያው ሰዓት ዘይቱ ስለሚወፍር ሞተሪኖው ከወትሮው የበለጠ ኃይል ይፈልጋል። ጉልበት በቀነሰበት ሰዓት ሸክሙ ይጨምራል ማለት ነው።

ሦስተኛው መቀጣጠል ነው። ናፍጣ ሞተር በብልጭታ አይነሳም፤ አየሩን ጨምቆ በማጋል ነው ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው። ብረቱ በጣም ሲቀዘቅዝ ያንን ሙቀት ይወስድበታል። እዚህ ላይ የጭስ ማውጫውን ማየት ብዙ ይነግራችኋል። ሞተሩ እየዞረ ነጭ ጭስ ካወጣ ናፍጣው እየደረሰ ነው፣ ግን አልተቀጣጠለም፤ የሚያስፈልገው ሙቀት ነው። እየዞረ ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣው ራሱ አልደረሰም፤ ወደ ፊልትሮው ሂዱ። ጭራሽ ካልዞረ ወይም እየጎተተ ከዞረ ጉዳዩ ባትሪ፣ ገመድ ወይም ዘይት ነው።

በምን እንመዝን?

ትልቁ መመዘኛ በአካባቢያችሁ የሚመዘገበው ዝቅተኛው ሙቀት ነው፤ የቀኑ አማካይ ሳይሆን የሌሊቱ ዝቅተኛ። ከዜሮ በታች 5 ለሚደርስበት ቦታና ከዜሮ በታች 30 ለሚደርስበት ቦታ የሚሆነው ዝግጅት በጭራሽ አንድ አይደለም። ነፋሱ ግን አያሳስባችሁ፤ ነፋስ ሞተሩን ቶሎ ያቀዘቅዘዋል እንጂ ብረቱን ከአየሩ ሙቀት በታች አያወርደውም።

ሁለተኛው፣ ትራክተሩ የሚያድርበት ቦታ መብራት አለው ወይ? ይሄ ጥያቄ ብቻውን ግማሹን አማራጭ ይሰርዛል። ከዚያ ትራክተሩ ምን ያህል በአስቸኳይ ይፈለጋል የሚለው ይመጣል። በየጠዋቱ በረዶ የሚጠርግ ወይም ለከብት መኖ የሚያጓጉዝ ማሽን እስከ እኩለ ቀን ልጠብቀው አይባልም፤ በሳምንት አንዴ የሚነሳ ግን ይጠበቃል። ወጪውንም ለሁለት ከፍላችሁ እዩት፦ አንዴ የሚወጣውና በየወቅቱ የሚደጋገመው። በመጨረሻ የጉዳት አደጋ አለ፤ ትራክተሩን አስነስተው ሞተሩን የሚያበላሹ ዘዴዎች አሉና።

ናፍጣውን በተመለከተ

በእኔ እምነት የመጀመሪያው ገንዘብ መውጣት ያለበት እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የረጋን ናፍጣ ሌላ ምንም ዕቃ አያካክሰውም።

*ለብርድ ተዘጋጅቶ የተጣራ ናፍጣ።* ከሁሉም የሚሻለው ይሄ ነው። ከነዳጅ ማጣሪያ ፋብሪካው ተስተካክሎ ስለሚመጣ እናንተ የምትለኩትና የምትቀላቅሉት ነገር የለም። ስትገዙ ፊልትሮ የሚደፍንበትን ሙቀት ጠይቁ። ለምሳሌ በአውሮፓው ኢኤን 590 መስፈርት የመካከለኛ አየር ንብረት ናፍጣዎች ከ5 ዲግሪ እስከ ከዜሮ በታች 20 ይደርሳሉ፣ ለከባድ ብርድ የተዘጋጁት ደግሞ ከዜሮ በታች 20 ጀምረው እስከ 44 ይወርዳሉ። ጉድለቱ በሞቃቱ ወራት የተሞላ ናፍጣ ታንክ ውስጥ ሲቀር ነው። ብዙ ሥራ የማይሠራ ትራክተር ወራት ያስቆጠረ ናፍጣ ይዞ ብርዱ ይገባበታል። ከላዩ የብርዱን ናፍጣ ብትጨምሩበት ድብልቁ መሀል ላይ ነው የሚቀረው።

*አንቲጄል የሚባለው ጭማሪ።* ርካሽ ነው፣ በትክክል ከተጠቀማችሁበትም ይሠራል። ሰሙን አያጠፋውም፤ ቅንጣቶቹ ትንንሽ ሆነው በፊልትሮው እንዲያልፉ ነው የሚያደርገው። ስለዚህ መጨመር ያለበት ናፍጣው ገና ሳይደፈርስ ነው። ከረጋ በኋላ ቢጨመር ዋጋ የለውም። ጭማሪውን መጀመሪያ አፍስሱና ናፍጣውን ከላዩ ሙሉ፤ እንዲያ በደንብ ይቀላቀላል። ከዚያ ሞተሩን አሠሩት፤ የተዘጋጀው ናፍጣ እስከ ፊልትሮውና ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር እስከሚረጨው ኢንጀክተር ካልደረሰ ቱቦው ውስጥ ያለው አሮጌው ነው። የረጋውን የሚያሟሙ የአደጋ ጊዜ ፈሳሾችም አሉ፤ አንድ ጠርሙስ ትራክተሩ ላይ ቢቀመጥ አይከፋም፣ እንደ ዘወትር ዘዴ ግን አትያዟቸው።

*ነጭ ጋዝ መቀላቀል።* የድሮ ዘዴ ነው። የሚረጋበትን ሙቀት በእርግጥ ያወርዳል። ግን ነጭ ጋዝ እንደ ናፍጣ አያለሰልስም፤ የናፍጣ ፖምፓውና ኢንጀክተሩ የሚለሰልሱት ደግሞ በዚያው በሚያልፍባቸው ነዳጅ ነው። ጉልበቱም ያንሳል። ድኝ የበዛበት ከሆነ አዳዲሶቹ ሞተሮች ላይ ያለውን የጭስ ማጣሪያ ያበላሻል። ቀለል ያለ ፖምፓ ላለው አሮጌ ሞተር፣ መመሪያው የሚፈቅድ ከሆነ፣ በልክ ይሁን። ከፍተኛ ግፊት ላለው ኮመን ሬል ሞተር (ናፍጣውን ከአንድ የጋራ ቱቦ ለኢንጀክተሮቹ የሚያከፋፍለው አዲሱ ዓይነት) ግን አልመክርም። ቤንዚን መቀላቀል ደግሞ ለማንኛውም ናፍጣ ሞተር ክልክል ነው፤ ፖምፓ ይጎዳል፣ ታንኩንም ለእሳት ያጋልጠዋል።

*የፊልትሮ ማሞቂያ።* ከትራክተሩ ባትሪ የሚሠራ፣ ፊልትሮው ላይ የሚገጠም ትንሽ ዕቃ ነው። ረዳት ነው እንጂ ብቻውን አይበቃም፤ በታንኩና በፊልትሮው መካከል ያለውን ቱቦ አያሞቅምና።

ናፍጣችሁ የቱን ያህል ብርድ እንደሚችል ለማየት ገንዘብ የማይጠይቅ ዘዴ አለ። ከታንኩ ትንሽ ናፍጣ በንጹህ የመስታወት ዕቃ ቀድታችሁ፣ ክዳኑን ዘግታችሁ፣ ከእሳትና ከልጆች ርቆ ውጭ አሳድሩት። ጠዋት ስታዩት ጥርት ብሎ ከማዶ ካሳየ ደህና ነው። ጭጋግ የመሰለ ነገር ካለው መርጋት ጀምሯል። ከሥር ለብቻው የተቀመጠ ጠብታ ካለ እሱ ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ በረዶ ሆኖ መስመሩን ይዘጋል። ፊልትሮው ሥር ያለችውን የውሃ ማውጫ ከፈት አድርጋችሁ ጥርት ያለ ናፍጣ እስኪመጣ አፍስሱ። ከሥራ ስትመለሱም ታንኩን ሙሉ፤ ባዶ ቦታ ሲበዛ ከአየሩ የሚጠራቀም ውሃም ይበዛል።

ባዮዲዝል የተቀላቀለበት ናፍጣ ከሆነ የበለጠ ተጠንቀቁ። ከአኩሪ አተር የተሠራ ንጹህ ባዮዲዝል 0 ዲግሪ አካባቢ መደፍረስ ይጀምራል።

ሞተሩን ማሞቅ

ብዙ ሰው ግራ የሚገባው እዚህ ነው፤ የዋጋው ልዩነትም የሚሰፋው እዚሁ ነው።

*የሞተር ብሎክ ማሞቂያ።* የሞተሩ ብሎክ ውስጥ ገብቶ የማቀዝቀዣውን ውሃ በቀጥታ የሚያሞቅ ነው። ለትራክተር የሚሆኑት አብዛኛውን ጊዜ ከ400 እስከ 1500 ዋት ናቸው። መብራት ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ ምርጫ አላውቅም። ሲሊንደሩ ይሞቃል፣ ሞተሩ ቶሎ ይነሳል፣ ነጭ ጭሱ ይቀንሳል፣ የሞተሩም መፋተግ ይቀንሳል። ሲገጠም የራዲያተሩ ውሃ መፍሰስ አለበት፤ ለሞተራችሁ ልክ የተሠራውን መግዛትም ግድ ነው። ሌሊቱን ሙሉ መሰካት ግን አያስፈልግም። 1000 ዋት የሆነው 12 ሰዓት ከተሰካ 12 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ በታይመር ከመነሳቱ 3 ሰዓት ቀደም ብሎ ቢበራ 3 ብቻ። ውጤቱ ለአብዛኛው ሞተር ያው ነው፤ ብርዱ በጣም ከበረታ አንድ ሁለት ሰዓት ጨምሩለት። መሥራቱን ለማወቅ ስትሰኩት ጆሯችሁን ጠጋ አድርጉ፤ ትንሽ ቆይቶ ውሃ ሊፈላ ሲል የሚያሰማው ዓይነት ስስ ድምፅ ይሰማል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ብሎኩን ስትዳስሱት ካልሞቀ ገመዱን ወይም ማሞቂያውን ፈትሹ።

*በታችኛው የራዲያተር ቱቦ የሚገባ።* ቱቦው ተቆርጦ መሀሉ ላይ ይገጠማል። ብሎኩ ላይ የማሞቂያ ቦታ ለሌለው ወይም ቦታው ለማይደረስበት ሞተር ጥሩ ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚያሞቀው፣ ምክንያቱም የሞቀው ውሃ በራሱ ወደ ላይ እስኪወጣ መጠበቅ አለበት።

*ውሃ የሚያዘዋውር የውጭ ማሞቂያ።* ከሞተሩ ውጭ ተቀምጦ በሁለት ቱቦ ይገናኛል። ትልቅ ሞተር ላለው ትራክተር ሙቀቱን እኩል ያዳርሳል። ፖምፓ የሌለው ዓይነት ከሆነ ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ከፍ ካለ ወይም ውስጡ አየር ከቀረ ውሃው አይዞርም፣ ማሞቂያውም ይቃጠላል።

*በማግኔት የሚለጠፍ።* ርካሽ፣ ሲፈለግ የሚነቀል፣ ከ200 እስከ 300 ዋት የሚሆን ነው። የዘይቱ ኮፓ ላይ ይለጠፋል። ዘይቱን ያለሳልሳል፣ ሲሊንደሩን ግን እምብዛም አያሞቅም። ከመግዛታችሁ በፊት ኮፓውን በማንኛውም ትንሽ ማግኔት ሞክሩት፤ አሉሚኒየም ከሆነ አይዝም። የብዙ ትራክተር ኮፓ ደግሞ ወፍራም፣ ሻካራ ቀልጦ የተሠራ ብረት ነው፤ ማግኔቱ ይይዛል ግን ገጹ በደንብ ስለማይገጥም ሙቀቱ በአየር ላይ ይባክናል። ዘይት የተጠራቀመበትና ድርቆሽ የተሰገሰገበት ቦታ ላይ መለጠፍ እሳት መጥራት ነው። ለቀላል ብርድ ይሁን፣ ለከባዱ ግን ብቻውን አትመኑት።

*ናፍጣ እያቃጠለ የሚያሞቅ።* መብራት ለሌለበት ቦታ ዋናው መልስ ይሄ ነው። ከትራክተሩ ታንክ ናፍጣ ይወስዳል፣ ውሃውን አሙቆ በሞተሩ ውስጥ ያዘዋውራል። 5 ኪሎዋት ገደማ የሚሰጠው በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በሰዓት ከግማሽ ሊትር ትንሽ በለጥ ያለ ናፍጣ ይበላል። ውድ ነው፣ ገጣሚውም የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት። ሁለት ነገር ልብ በሉ፦ የሚነሳውና ፖምፓውን የሚያዞረው በባትሪ ነው፣ ስለዚህ ደካማ ባትሪን ጭራሽ ይገድላል፤ የሚያቃጥለውም ያንኑ የታንኩን ናፍጣ ነው፣ ናፍጣው ከረጋ እሱም አይሠራም። ጭስ ስለሚያወጣ በተዘጋ ቤት ውስጥ አይበራም።

*መጠለያ።* ማሞቂያ የሌለው መጋዘን እንኳ ማታ የሠራ ሞተር ሙቀቱን ቶሎ እንዳይጥል ያግዛል፣ በረዶና እርጥበትም ይከላከላል። ቀድሞውኑ ቤት ካላችሁ ተጠቀሙበት፤ ለዚህ ብቻ ተብሎ መገንባት ግን ከማሞቂያው በላይ ያስወጣል።

*ኤተር መርጨት።* እንደ አማራጭ የሚቆጥሩት አሉ፤ እኔ አልቆጥረውም። የማሞቂያ ካንዴላ ወይም የአየር ማሞቂያ ባለው ሞተር ላይ ከተረጨ ያለጊዜው ሊፈነዳ ይችላል። ፒስተን ይሰነጥቃል፣ ፋሻ ይሰብራል፣ ሰውም ይጎዳል። ከፋብሪካው የራሱ የኤተር መርጫ ተገጥሞለት የመጣ ሞተር ካላችሁ በመመሪያው መሠረት ተጠቀሙ፤ ከዚያ ውጭ ቆርቆሮውን አትግዙት።

ባትሪውና ገመዱ

አዲስ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ያለውን ለኩ። ትራክተሩ ሳይነሳ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ነው የቀረው። የባትሪውን ራስ አጽድታችሁ አጥብቁ። ሞተሪኖውን ጥቂት ካዞራችሁ በኋላ የገመዱን ማያያዣ ነካ አድርጉት፤ ከሞቀ ኃይሉ እዚያ እየባከነ ነው፣ ባትሪ መቀየር አያድናችሁም። አቅሙን አውቆ የሚሞላና ሲሞላ የሚያቆም አነስተኛ ቻርጀር ብዙ ለሚቆም ትራክተር ከሁሉ የሚያዋጣ ግዢ ነው። መብራት ከሌለ ባትሪውን ፈትቶ ሙቅ ቦታ ማሳደር ነጻ አማራጭ ነው፤ አድካሚ ቢሆንም ይሠራል። የባትሪ ማሞቂያ መጠምጠሚያ ግን ከዜሮ በታች 20 ለማይወርድበት ቦታ ቅንጦት ነው።

የግድ አዲስ ከሆነ በብርድ የማስነሻ አምፔሩን እዩ። ከዜሮ በታች 18 ላይ ለ30 ሰከንድ የሚሰጠው ኃይል ነው፤ ከትራክተሩ መመሪያ በታች አትግዙ። ኃይሉ ያለቀ ባትሪ ከዜሮ በታች 10 እንኳ ሳይደርስ በረዶ ሊሠራ ይችላል፤ ሙሉው ግን አይሠራም። በረዶ የሠራን ባትሪ ቻርጅ ማድረግ ወይም ከሌላ መኪና ማስነሳት ሊያፈነዳው ይችላል።

ዘይትና የራዲያተር ውሃ

ቆርቆሮው ላይ ከ«ደብሊው» በፊት ያለው ቁጥር ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ ቀጭን ነው። 15ደብሊው 40 ዘይት በብርድ የመዞር ፈተናው የሚለካው ከዜሮ በታች 20 ላይ ነው፤ 10ደብሊው ከዜሮ በታች 25፣ 5ደብሊው 30፣ 0ደብሊው 35 ላይ። ወደ እነዚህ ቁጥሮች የምትጠጉ ከሆነ አንድ ደረጃ ቀጠን ወዳለው ውረዱ፤ መመሪያው እስከፈቀደ ድረስ። የዘይት ቅየራችሁን ብርዱ ከመግባቱ በፊት ካደረጋችሁት ተጨማሪ ወጪው ያን ያህል አይደለም።

አንቲፍሪዝ (የራዲያተሩ ውሃ በረዶ እንዳይሆን የሚጨመረው ፈሳሽ) ሲበዛ የሚሻል የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በኤቲሊን ግላይኮል የተሠራው ግማሽ በግማሽ ከውሃ ጋር ሲቀላቀል እስከ ከዜሮ በታች 37 ይቋቋማል፤ ብቻውን ግን ከዜሮ በታች 13 አካባቢ ይረጋል። ስለዚህ ግማሽ በግማሽ፣ በተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ።

በአጭሩ ሲነጻጸር

| አማራጭ | የሚፈታው | መብራት ይፈልጋል? | መነሻ ወጪ | ተደጋጋሚ ወጪ | የጉዳት አደጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| የብርድ ናፍጣ | መርጋት | አይ | የለም | መካከለኛ | ዝቅተኛ |
| አንቲጄል | መርጋት | አይ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ |
| ነጭ ጋዝ | መርጋት | አይ | የለም | መካከለኛ | ለአዲስ ሞተር ከፍተኛ |
| ብሎክ ማሞቂያ | መቀጣጠልና መዞር | አዎ | መካከለኛ | በታይመር ዝቅተኛ | ዝቅተኛ |
| የቱቦ ማሞቂያ | መቀጣጠል | አዎ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ |
| ማግኔት | የዘይት መወፈር | አዎ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | ቦታው ካልጸዳ እሳት |
| በናፍጣ የሚሠራ ማሞቂያ | መቀጣጠልና መዞር | አይ | ከፍተኛ | መካከለኛ | ባትሪ ያደክማል |
| ባትሪ ቻርጀር | መዞር | አዎ | ዝቅተኛ | እዚህ ግባ የማይባል | ዝቅተኛ |
| ኤተር | መቀጣጠል | አይ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | በጣም ከፍተኛ |

ለማን የቱ?

ብርዱ ከዜሮ በታች 5 አካባቢ የሚቆም ከሆነና ትራክተሩ አልፎ አልፎ የሚሠራ ከሆነ ማሞቂያ አትግዙ። የብርድ ናፍጣ ወይም አንቲጄል፣ አዲስ ፊልትሮ፣ የጸዳ የባትሪ ራስ ይበቃችኋል። ገንዘብ ከተረፈ ለቻርጀሩ ይሁን።

ከዜሮ በታች 10 እስከ 20 በሚወርድበት፣ መብራትም ባለበት ቦታ ብሎክ ማሞቂያ ከታይመር ጋር ግዙ። የኤሌክትሪክ ማራዘሚያውን ነገር አደራ፤ ቀጭን ገመድ 1500 ዋት ሲሸከም ይግላል። ወፍራም፣ ለውጭ የተሠራና አጭር ይሁን፤ ተጠቅልሎም አይሰካ።

መብራት የሌለው ግን ትራክተሩን በየቀኑ የሚፈልግ ሰው በናፍጣ የሚሠራውን ማሞቂያ ያስብበት፤ ከጠንካራ ባትሪ ጋር። አቅም ካልፈቀደ ቀጠን ያለ ዘይት፣ ሙቅ ቦታ ያደረ ባትሪና በትክክል የተዘጋጀ ናፍጣ አብረው ብዙ ርቀት ይወስዳሉ፤ ሥራውንም የቀኑ ሙቀት ከፍ ወደሚልበት ሰዓት ማሸጋገር ነው።

ከዜሮ በታች 25ን ለሚያልፍ ብርድ አንዱን መምረጥ የሚባል ነገር የለም። ናፍጣው ለከባድ ብርድ የተዘጋጀ፣ ዘይቱ 5ደብሊው ወይም 0ደብሊው፣ ባትሪው ሙሉ፣ ሞተሩም የሞቀ መሆን አለበት። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ የቀሩት ሦስቱ አያስነሱትም።

የትኛውንም ብትመርጡ እነዚህ አይረሱ። የጭሱን ብክለት የሚቀንስ የዩሪያ ፈሳሽ የሚጠቀም ትራክተር ካላችሁ ፈሳሹ ከዜሮ በታች 11 ላይ በረዶ ይሆናል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ሲስተሙ ራሱ ያቀልጠዋል፤ ምንም ነገር አትጨምሩበት፣ ሲሰፋ ታንኩን እንዳይሰነጥቅ ግን እስከ አፉ አትሙሉት። ጎማ ውስጥ ለክብደት የተሞላ ተራ ውሃ ካለ ብርዱ ሳይገባ በማይረጋ ፈሳሽ ይቀየር። 1 ባር ገደማ የተነፋ ጎማ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ 0.07 ባር ያህል ይቀንሳል፤ ለኩት።

ስታስነሱ ፍሪሲዮኑን ርገጡ፤ ሞተሪኖው ማርሹንና የወፈረውን ዘይት አብሮ እንዳያዞር። ከ30 ሰከንድ በላይ አታዙሩ፣ ካልተነሳ 2 ደቂቃ አሳርፉት። ከተነሳ በኋላ ለረጅም ጊዜ በቆመበት ከማሞቅ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ በቀላል ሥራ አሙቁት፤ ሃይድሮሊኩንም ቀስ እያላችሁ አንቀሳቅሱት። በሩ ተዘግቶ ሞተር አይነሳም፤ የጭሱ መርዝ አይሸትም፣ አይታይም፣ ይገድላል። ሞተሪኖውን በመፍቻ አገናኝቶ ከመሬት ማስነሳትንም ጭራሽ አትሞክሩት፤ ማርሽ ውስጥ የቀረ ትራክተር በዚያው ቅጽበት ተንቀሳቅሶ የቆመበትን ሰው ይረግጣል።